«ይመስገን» ብሎ ዝም ያለ የልብ ሕመምተኛ፦ ድባቴንና ጭንቀትን ለመለየትና ለመርዳት ለአስታማሚ የሚሆን ዝርዝር መመሪያ

አባዬ ልብ ድካም ተብሎ ከተኛ አምስተኛ ቀኑ ነበር። መሃል አዲስ አበባ ካሉ የመንግሥት ሆስፒታሎች በአንዱ፣ ስድስት አልጋ ባለው ክፍል። ጠዋት ሐኪሞቹ ለዙር ይመጣሉ። «አባባ፣ እንዴት አደሩ?» «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» ቻርቱን አይተው ወደሚቀጥለው አልጋ ያልፋሉ። እኔ የትናንቱን ፔርሙስ እከፍታለሁ። አጥሚቱ እንዳለ ነው። አባዬ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። ስልኩ ሲጮህ «ተኝቷል በያቸው» ይለኛል።

ያን ቀን ወጣቱ ሐኪም ኮሪደር ላይ አግኝቶኝ «አባትሽ እንዴት ናቸው?» አለኝ። «በርትቷል» አልኩት። የእግሩ እብጠት ጎድሏል፣ ትንፋሹም ተሻሽሏል። ዋሽቼ አይደለም። ሳላየው ቀርቼ ነው። አባዬ ድባቴ ውስጥ ገብቶ ነበር።

ይህን የምጽፈው አልጋ አጠገብ ለምትቀመጡ ሁሉ ነው። ለልጅ፣ ለሚስት፣ ለወንድም፣ ኮሪደር ላይ ካርቶን አንጥፎ ለሚያድር የአክስት ልጅ። ሐኪም አይደለሁም። ከአባዬ ሐኪሞችና ነርሶች የተማርኩትን፣ ከዚያም ወዲህ በደንብ ያነበብኩትን ነው የማካፍላችሁ። የልብ ሕመምተኛ ሲከፋውና ሲጨንቀው በራሱ አይናገርም። እኛ ነን መጠየቅ ያለብን። የሰማነውንም ለሐኪሙ የምናደርሰው እኛ ነን።

በመጀመሪያ፣ ነገሩ ለምን ያሳስባል?

በተለያዩ አገሮች የተሠሩ ጥናቶች ሲጠቃለሉ፣ ከ5 የልብ ሕመምተኞች 1 ያህሉ ሕክምና የሚያስፈልገው ድባቴ አለበት። ቀለል ያለው ሲጨመር ቁጥሩ ከዚያ በላይ ይሆናል። «ልቡን ያመመው ሰው ቢከፋው ምን ይገርማል?» የሚል ሰው ብዙ ነው። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። ግን መከፋቱ ልቡንም ይጎዳዋል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት መግለጫ፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም ከደረሰበት ሰው ጋር በተያያዘ ድባቴ ራሱን ችሎ እንደ አንድ አደጋ አምጪ ምክንያት እንዲቆጠር መክረዋል።

መንገዱ ሁለት ነው። አንዱ በሰውነት ውስጥ ነው። የጭንቀት ሆርሞኖች ይጨምራሉ፣ የልብ ምት ይፈጥናል፣ ደም የመርጋት ዝንባሌው ይጨምራል። ሁለተኛው በዕለት ኑሮ ነው፤ ለእኛም በዓይን የሚታየን ይኸኛው ነው። የከፋው ሰው ኪኒኑን ይዘላል። አይንቀሳቀስም። ቀጠሮ ይቀራል። ጨው አትብላ ቢባል «ለምኔ?» ይላል።

ደረጃ 1፦ የልቡን ድካም ከድባቴው ለይታችሁ እዩ

ይኼ ከባዱ ሥራ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ልብ ድካም ራሱ ያደክማል። የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። በጀርባ ሲተኙ ትንፋሽ ስለሚያጥር እንቅልፍ ይነሳል፤ ሰውየው ትራስ ደራርቦ ቁጭ ብሎ ያድራል። ላሲክስ የሚባለውን የሚያሸና መድኃኒት የወሰደ ሰው ደግሞ ሽንት ሲያመላልሰው ያድራል። ስለዚህ ድካም፣ አለመብላትና አለመተኛት ብቻቸውን ድባቴ ነው አያሰኙም። እነዚህን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጉና ሌላ ነገር ፈልጉ።

ድሮ ደስ ይለው የነበረው ነገር አሁንስ ደስ ይለዋል? አባዬ የእግር ኳስ ውጤት ሳይጠይቅ ውሎ አያድርም ነበር። እዚያ ክፍል ውስጥ አጠገቡ ያለው ልጅ በስልኩ ጨዋታ ሲያይ፣ አባዬ አንዴ እንኳን «ስንት ለስንት?» አላለም። ደካማ ሰው ኳስ ማየት ባይችል እንኳ ውጤት ይጠይቃል። ያን ጊዜ መንቃት ነበረብኝ።

«ሸክም ሆንኩባችሁ» ማለት ያበዛል? ራሱን ይወቅሳል? ስለ መጪው በዓል፣ ስለ ልጅ ምርቃት ሲነሳ ዝም ይላል? የልጅ ልጁ ስትመጣ ፊቱ አይፈታም? እነዚህ ከልብ ድካም የሚመጡ አይደሉም።

ጭንቀት ደግሞ መልኩ ሌላ ነው። ደም ግፊቱ በተለካ ቁጥር «ስንት ሆነ? ስንት ሆነ?» ይላል። ሽንት ቤት ለመሄድ ይፈራል። እናንተ ሻይ ልትጠጡ ስትነሱ እጃችሁን ይይዛል። ሌሊት ይነቃና የራሱን ትንፋሽ ያዳምጣል። ድባቴና ጭንቀት አንድ ላይ መምጣታቸውም የተለመደ ነው።

አንድ የቋንቋ ጉዳይ ልጨምር። በአማርኛ ስሜታችንን ሁሉ የምንናገረው በልብ ነው። ልቤ ከበደኝ፣ ልቤ ፈራ፣ ልቤ ተሰበረ፣ ልቤን ጨነቀኝ። ጤነኛ ሰው እንዲህ ሲል ይገባናል። የልብ ሕመምተኛ ሲለው ግን ነገሩ ይደባለቃል። ሐኪሙ የደረት ሕመም መስሎት ኢሲጂ የሚባለውን የልብ ምርመራ ያዛል፤ ቤተሰብ ደግሞ ሆድ የባሰው መስሎት «አይዞህ» ብሎ እውነተኛውን የደረት ሕመም ያልፈዋል። ስለዚህ አብራርታችሁ ጠይቁ፦ «ልቤን ከበደኝ ስትል ደረትህ ላይ የተጫነህ ነገር አለ? ወይስ ሆድህ ነው የባሰህ?» ሁለቱም ከሆነ ሁለቱንም ለሐኪሙ ንገሩ።

ደረጃ 2፦ ከ«ይመስገን» ቀጥላችሁ ጠይቁ

«ይመስገን» ውሸት አይደለም። ሰላምታም ነው፣ እምነትም ነው፣ ጨዋነትም ነው። ከሕመምተኛው አፍ አትንጠቁት። ከእሱ ቀጥሎ ጠይቁ።

ሰዓቱን ምረጡ። በዙር ሰዓት አይሆንም፤ አምስት ነጭ ጋውን በተከበበ አልጋ ላይ ማንም ሆዱን አይከፍትም። ጠያቂ በተሰበሰበበትም አይሆንም። ጥሩው ሰዓት ማታ፣ ጠያቂው ከወጣና ክፍሉ ጸጥ ካለ በኋላ ነው። ቆማችሁ ከላይ አትጠይቁ። አልጋው አጠገብ ዝቅ ብላችሁ ተቀመጡ። እጅ ያዙ፣ ወይም እግሩን በቅባት እሹለት። እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይፈታል።

እኔ በስድስተኛው ቀን ማታ እግሩን እያሸሁ እንዲህ አልኩት፦ «አባዬ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ እሱ አይቀርም። ግን ሌሊት ሌሊት ስትነቃ ምንድን ነው የምታስበው?»

ብዙ ዝም አለ። ከዚያ በአገጩ ባዶውን አልጋ አመለከተኝ። መስኮቱ ጋ ያለውን። ከአራት ቀን በፊት ንጋት ላይ እዚያ የነበሩት ሰውዬ አርፈዋል። እኔ ጠዋት ስመጣ አንሶላው ተቀይሮ ነበር፤ ወደ ሌላ ክፍል የተዛወሩ መስሎኝ ነበር። አባዬ ግን ሁሉንም አይቷል። «የእሱም እግር ልክ እንደኔ አብጦ ነበር» አለኝ። «ቀጥሎ እኔ ነኝ። መቼ እንደሆነ ነው የማላውቀው።»

አራት ሌሊት ሙሉ ትንፋሹን ሲቆጥር አድሯል። እኔ ደግሞ አጠገቡ ሆኜ «አጥሚቱን ጠጣ እንጂ» ስል ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር ስትሰሙ «አይዞህ፣ ምንም የለም» ለማለት አትቸኩሉ። «አይዞህ» ጥሩ ቃል ነው፤ ግን ቶሎ ከተባለ በር ይዘጋል። «ስንቱ ካንተ የባሰ አለ»፣ «ወንድ አይደለህ እንዴ?»፣ «እምነት የለህም?» የሚሉትንም ተዉአቸው። «ገባኝ። ታዲያ እንዴት ትተኛ?» በቂ ነው። ከዚያ ጸጥ በሉ። የቀረውን ራሱ ይጨርሰዋል።

ጨዋታው ከተከፈተ በኋላ አራት ጥያቄዎች አሉ። ጤና ባለሙያዎች ለመጀመሪያ ልየታ የሚጠቀሙባቸው ናቸው፤ በራሳችሁ አነጋገር ልትጠይቋቸው ትችላላችሁ። ሁሉም የሚጀምሩት «ባለፉት 2 ሳምንታት» በማለት ነው።

አንደኛ፦ ነገሮችን ለመሥራት ፍላጎት ወይም ደስታ አጥተሃል? ሁለተኛ፦ ከፍቶሃል፣ ደብቶሃል ወይም ተስፋ ቆርጠሃል? ሦስተኛ፦ የመፍራት፣ የመረበሽ፣ ጭንቅ ጭንቅ የማለት ስሜት አለህ? አራተኛ፦ ሐሳብ ይመላለስብሃል? ላቁም ብትል እምቢ ይልሃል?

ለእያንዳንዱ መልስ ነጥብ አለው። በጭራሽ ካለ 0፣ አንዳንድ ቀን ካለ 1፣ ከግማሽ በላይ በሆኑት ቀናት ካለ 2፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል ካለ 3። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ድምር 3 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ድባቴ ሊሆን ስለሚችል በደንብ መመርመር አለበት። የኋለኞቹ ሁለት ድምርም 3 ከደረሰ ጭንቀቱ እንደዚያው። የአባዬ 5 እና 6 ነበር። ይህ ምርመራ አይደለም፤ በር ማንኳኳት ነው። ሐኪሙ ቀጥሎ 9 ጥያቄ ያለውን የድባቴ መጠይቅ ሊጠቀም ይችላል። እሱ እስከ 27 ነጥብ አለው፤ 10ና ከዚያ በላይ ሲሆን ትኩረት ይሰጠዋል።

አንድ ሰው ከባድ ሕመም እንዳለበት በተነገረው ሰሞን ለጥቂት ቀናት ቢከፋው ተፈጥሯዊ ነው። 2 ሳምንት ከዘለቀ ግን አይደለም። ምግብና መድኃኒት እምቢ ካለ ወይም ሞትን ካነሳ ደግሞ 2 ሳምንት አትጠብቁ።

ደረጃ 3፦ የሰማችሁትን በአንድ ደቂቃ ለሐኪሙ ንገሩ

የዙር ሐኪሞች ብዙ ታማሚ አለባቸው። «አባቴ ተጨንቋል» ብትሉ «እሺ፣ አይዞሽ» ብለው ሊያልፉ ይችላሉ። ክፋት አይደለም፤ ቃሉ ሰፊ ስለሆነ ነው። ያያችሁትን በቀንና በቁጥር ንገሩ። እኔ ወረቀት ላይ ጽፌ ነው ያነበብኩት፦ «ዶክተር፣ አባቴ ከአራት ቀን ወዲህ ሌሊት ከሁለት ሰዓት በላይ አይተኛም። አጠገቡ የነበሩት ታካሚ ሲያርፉ አይቷል። ቀጥሎ እኔ ነኝ ይላል። ስልክ አያነሳም፣ ደስ የሚለውን ነገር ሁሉ ትቷል። ስለ ስሜቱ ብቻውን ያነጋግሩልኝ።»

ሐኪሙ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ቻርቱን ከፍቶ ለአባዬ ክብደቱን አሳየው። የገባ ቀን 71 ኪሎ፣ ያን ቀን ጠዋት 66። «አባባ፣ ይህ ሁሉ የወጣው ውኃ ነው። ልብዎ መድኃኒቱን እየተቀበለ ነው» አለው። አባዬ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አስደገመው። የአምስት ደቂቃ ጉዳይ ነበር። ሕመምተኛ ስለ ራሱ ሁኔታ በግልጽ ሲነገረው ምን ያህል እንደሚረጋጋ ያን ቀን ነው ያየሁት።

ሐኪሙን ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ስሜቱን ሊያባብስ የሚችል ሌላ ሕመም አለ ወይ? የእንቅርት ሆርሞን ሲያንስ ድባቴ ይመስላል፤ ሲበዛ ደግሞ ልብ ያስመታል፣ ያስጨንቃል። የደም ማነስም ሰውን ያዝለዋል። እነዚህ በደም ምርመራ ይታወቃሉ። ሁለተኛ፣ ከሚወስዳቸው መድኃኒቶች ስሜት ወይም እንቅልፍ የሚነካ አለ ወይ? ላሲክስን ከማታ ወደ ቀን ማዛወር ብቻ ሌሊቱን ሊያቀለው ይችላል፤ ግን ሐኪሙ ሲያዝ ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ አልጋው ድረስ መጥቶ ሊያየው ይችላል ወይ? ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስን የመሳሰሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው።

መርካቶ አጠገብ ወዳለው አማኑኤል ሪፈር ከተባላችሁም አትደንግጡ። እዚህ ከተማ ውስጥ «አማኑኤል» የሚለው ስም ራሱ እንደ ስድብ ሲነገር ሰምተን አድገናል። እሱ በሽተኛን ከሕክምና የሚያርቅ ክፉ ልማድ ነው። አማኑኤል ሄዶ ሐኪም አነጋግሮ፣ መድኃኒቱን ይዞ በዚያው ቀን ቤቱ የሚመለሰው ሰው ብዙ ነው።

ደረጃ 4፦ ጊዜ የማይሰጠውን ለዩ

ሦስት ነገር ስታዩ ነርሷን ያኔውኑ ጥሩ።

የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የቀዝቃዛ ላብ፣ ራስ መሳት። የጭንቀት ማዕበል እነዚህን ሊመስል ይችላል፤ ልብም ይመታል፣ እጅም ይንቀጠቀጣል፣ አየርም ያጥራል። ግን የልብ ሕመም ባለበት ሰው ላይ «ጭንቀት ነው» የማለት መብት የእኛ አይደለም። መጀመሪያ ልቡ ይታይ። ቤት ከሆናችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ መከላከያ ደግሞ 939።

ድንገተኛ መቀባዠር። ትናንት ደህና የነበረ ሰው ዛሬ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ልጁን ካልለየ፣ በተለይ ማታ ማታ ከባሰበት፣ ያ ድባቴ አይደለም። ኢንፌክሽን፣ የኦክስጅን ማነስ፣ የጨው መዛባት ወይም መድኃኒት ሊሆን ይችላል። አስቸኳይ ነው።

የሞት ምኞት። እኛ አገር «ምነው በወሰደኝ» የተለመደ አነጋገር ስለሆነ ጆሯችን ለምዶታል። አትለፉት። በቀጥታ ጠይቁ፦ «ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣውም። ይልቅ ያስተነፍሳል። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት፤ መድኃኒቶቹን ከእጁ አርቁና እናንተ ያዙ፤ ለተረኛ ሐኪም በዚያው ሰዓት ንገሩ።

ደረጃ 5፦ ሕክምናውን ዕወቁ

ድባቴና ጭንቀት ይታከማሉ። ቀለል ካለ በንግግር ሕክምናና በክትትል ብቻ ሊሻል ይችላል። ጠንከር ካለ መድኃኒት ይጨመራል።

«ልቡን ያመመው ሰው እንዴት የአእምሮ መድኃኒት ይወስዳል?» የሚል ስጋት ነበረኝ። ሰርትራሊን የሚባለው መድኃኒት ድንገተኛ የልብ ሕመም ወይም ከባድ የደረት ሕመም በደረሰባቸው 369 ሰዎች ላይ ተሞክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው ውጤት ልብ ላይ ጉዳት እንዳላመጣ ታይቷል። ሁሉም መድኃኒት ግን እንደዚያ አይደለም። አሚትሪፕቲሊን በየፋርማሲው የሚገኝ የቆየ የድባቴ መድኃኒት ነው፤ የልብን ምት ሊያዛባ ስለሚችል ለልብ ሕመምተኛ አደጋ አለው። ሲታሎፕራም የሚባለው ሌላው የድባቴ መድኃኒትም መጠኑ ሲጨምር እንደዚያው። ስለዚህ ጎረቤት «እኔን ያሻለኝ» ብሎ የሰጣችሁን ኪኒን ፈጽሞ አትስጡት። እንቅልፍ ያምጣ ተብሎ ከውጭ የሚገዛ ዳያዜፓምም እንዲሁ፤ አዛውንትን ይጥላል፣ ያቀባዥራል።

ሁለት ነገር አስታውሱ። መድኃኒቱ በማግስቱ አይሠራም። ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ አንዳንዴ ከዚያም በላይ ይፈልጋል። በመጀመሪያው ሳምንት «ምንም አልጠቀመኝም» ብሎ መተው ትልቁ ስህተት ነው፤ ከተሻለው በኋላም በራስ ፈቃድ በአንዴ ማቆም እንደዚያው። ሌላው፣ ሰርትራሊንና የእሱ ዓይነት የሆነው ፍሉኦክሴቲን፣ ዋርፋሪን ከሚባለው የደም ማቅጠኛ ወይም ከአስፕሪን ጋር ሲወሰዱ የመድማት ዕድል ይጨምራል። አብሮ ሊሰጥ ይችላል፤ ግን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው የደም ቅጥነት ምርመራው ቀረብ ቀረብ ማለት አለበት። አዲስ መድኃኒት በተጨመረ ቁጥር ያሉትን ኪኒኖች ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱና ለሐኪሙ አሳዩ።

ስለ ወጣቶቹም ልናገር። እኛ አገር የልብ ሕመም የአዛውንት ብቻ አይደለም። በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሰበብ የሚመጣው የሪህ የልብ ሕመም ገና በአፍላነት ይይዛል። የቀዶ ሕክምና ወረፋ የምትጠብቅ የ19 ዓመት ልጅ ጭንቀት ከአባዬ ጭንቀት ይለያል። አገባ ይሆን? እወልድ ይሆን? ዋርፋሪን ጽንስን ስለሚጎዳ ጥያቄዋ እውነተኛ ነው፤ መልስም አለው፤ ግን እናቷ ፊት አትጠይቅም። ከሴት ሐኪም ወይም ነርስ ጋር ለብቻዋ የምታወራበት ጊዜ ፈልጉላት።

ደረጃ 6፦ የዋርዱን ቀንና ሌሊት አስተካክሉ

ቀን መጋረጃውን ክፈቱ፤ ብርሃን ይግባ። ሐኪሙ ከፈቀደ በቀን ሁለት ሦስቴ ኮሪደሩን አብራችሁ ተራመዱ። አምስት እርምጃም ቢሆን «ዛሬ እስከ ነርሶቹ ጠረጴዛ፣ ነገ እስከ ደረጃው» ብላችሁ ቁጠሩ።

ጭንቀቱ ሲመጣ ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት። በአፍንጫ በቀስታ እስከ 4 እየቆጠራችሁ አብራችሁ ሳቡ፤ በአፍ እስከ 6 እየቆጠራችሁ አስወጡ። ትንፋሽ አታስይዙት። እናንተ አብራችሁ ካላደረጋችሁት እሱ ብቻውን አያደርገውም። ለእኔም ጠቅሞኛል።

ጠያቂ በረከት ነው። ግን ስምንት ሰው አልጋ ከቦ «ውይ፣ እንዴት ከሳህ!» ሲል ጉዳት ነው። በሁለት በሁለት አስገቡ። በር ላይ አንድ ነገር ንገሯቸው፦ ስለ በሽታው ሳይሆን ስለ ሰፈር ያውሩ። አባዬ ፒያሳ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ ጎረቤቶቹ በየአቅጣጫው ተበትነዋል። የድሮ ጎረቤቱ ከሩቅ ሁለት ታክሲ ይዞ መጥቶ ስለ ድሮው ዕቁብ ሲያወራለት፣ ከገባ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱን አየሁት።

የገንዘብ ወሬ ከአልጋው ራቅ ብላችሁ አውሩ። «ይህን መድኃኒት ከውጭ ግዙ» ሲባል ሕመምተኛው ዋጋውን በልቡ እያሰላ ነው። ቀይ መስቀልና ከነማ ፋርማሲዎችን አስቀድማችሁ ሞክሩ፤ የጤና መድን ደብተር ካላችሁ ከመጀመሪያው ቀን አቅርቡ፤ ሶሻል ወርከር ካለም አነጋግሩ። ከዚያ ሲጠይቃችሁ «ተይዟል» በሉት። እውነት ሆኖ ሲነገር እፎይ ይላል።

ቡና ለአባዬ አምልጦት አያውቅም። ሐኪሙ ቀለል ያለች አንድ ስኒ ፈቀደለት። ሦስቱንም፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያሉ መጠጣት ግን ልብ ያስመታል፣ እንቅልፍም ይነሳል። ጫትና አረቄ ደግሞ ልብንም መንፈስንም የሚጎዱ ስለሆኑ ጭራሽ አይሞከሩ።

ደረጃ 7፦ እምነቱን ከሕክምናው ጋር አስታርቁ

ብዙ ሰው ይህን ለሐኪም አይናገርም። እኔ ተናገሩ እላለሁ። የንስሐ አባት አልጋው ድረስ መጥተው ሲጸልዩለት፣ ወይም ኢማሙ ዱዓ ሲያደርጉለት፣ የሚሰማው ሰላም ትልቅ ነው። አስጠሩለት።

ጸበል ለመውሰድ ካሰባችሁ ግን ሐኪሙን ስለ መጠኑ ጠይቁ። ልብ ድካም ያለበት ሰው በቀን የሚጠጣው ፈሳሽ ብዙ ጊዜ ይወሰንበታል። በባዶ ሆድ በጆግ የሚጠጣ ጸበል ያንን ያልፋል፤ ትንፋሹን መልሶ ያሳጥረዋል። ንጋት ላይ በቀዝቃዛ ውኃ መጠመቅም ለደካማ ልብ ድንጋጤ ነው። የእኛን አባት አማከርናቸው። «በጥቂቱ ይቅመስ፣ ግንባሩን እናስነካዋለን፤ ኪኒኑን እንዳያቋርጥ» አሉን።

ደረጃ 8፦ ቤት ስትገቡ ክትትሉን አትጣሉ

ብዙዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ሆስፒታል ሳለ ነርስ ነበረች፤ ቤት ሲገባ ሌሊቱ የእሱና የእናንተ ብቻ ነው። ሳትወጡ በፊት ለልቡም ለስሜቱም ቀጠሮ ያዙ፤ ሁለቱም በወረቀት ይጻፍ።

ሚዛን ካላችሁ ጠዋት ጠዋት፣ ሽንት ቤት ከሄደ በኋላ ከቁርስ በፊት መዝኑት። በ3 ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመረ ለሐኪም ደውሉ። እኛ ቁጥሩን ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ካላንደር ላይ እንጽፋለን። ይህ ለልቡ ብቻ አይደለም። አባዬ ሌሊት ሲፈራ መብራት አብርቶ ካላንደሩን ያያል። 66፣ 66፣ 65 ተኩል። ተመልሶ ይተኛል።

በየ2 ሳምንቱ ደረጃ 2 ላይ ያሉትን አራት ጥያቄዎች መልሳችሁ ጠይቁ፤ ነጥቡን እዚያው ጻፉ። እናንተም በየተራ እረፉ። ለአንድ ወር ቁጭ ብሎ ያደረ አስታማሚ ራሱን ይደብተዋል፤ ያን ጊዜ የሌላውን ድባቴ ማየት አይችልም። ወንድማችሁ ቅዳሜ ማታ ይደር።

አባዬ ሰርትራሊን ከጀመረ በስድስተኛው ሳምንት ለቀጠሮ ሄድን። ያው ወጣት ሐኪም ነበር። «አባባ፣ እንዴት ነዎት?» አለው።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለ አባዬ። ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «ግን ሌሊት ሌሊት፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ አሁንም ትንሽ ትንሽ እፈራለሁ። እሱን ላጫውትህ ብዬ ነው የመጣሁት።»